ቀዝቃዛ ምድጃ የተባልንበት ክረምት

«ቀዝቃዛ ምድጃ ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ፣ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ።

ከአገና ከተነሳን ገና ሩብ ሰዓት አልሞላንም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ለአገሩ እንግዳ መሆኑ ያስታውቃል፤ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎታል። «ምን ዓይነት ስም ነው ይሄ ደግሞ?» ብሎ ጠየቀ። መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መልስ ነበረው። አንዱ፣ ሴቶቹ ሰነፎች ስለሆኑ ነው አለ። አንዷ ደግሞ፣ ስስታሞች ስለሆኑ እንግዳ ሲመጣባቸው ምድጃው ላይ ውሃ ይደፉበታል አለች። ረዳቱ፣ ድሮ እሳት ማንደድ የማያውቁ ሰዎች ነበሩ አሉ፣ ብሎ ሁሉንም አሳቀ።

እኔ ዝም አልኩ። ፈርቼ ግን አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሚኒባስ ውስጥ ከጎማ ጩኸት ጋር እየተሻሙ አይነገርም ብዬ ነው። መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» አልኩ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብዬ። ሳቁ ቆመ። በሩ ሲከፈት ዝናብ የጠገበ የሳር ክዳንና የእንጨት ጭስ ሽታ አንድ ላይ ገባብኝ፤ እዚያው በሩ ላይ ዘጠኝ ዓመቴ ሆንኩ።

እንግዲህ እኔ ልንገራችሁ። ነበርኩበትና።

ያ ክረምት እናቴ መንታ የወለደችበት ክረምት ነው። ወልቂጤ ያለው ቤታችን ሁለት ክፍል ብቻ ነበር፤ ደጁን በሙሉ የአባቴ የእንጨት ሥራ ይዞታል። መንቶቹ ሲመጡ እኔ ትርፍ ሆንኩ። «ትምህርት እስኪከፈት አክስትሽ ጋ ትሆኛለሽ» አለኝ አባቴ። እናቴ አንድ ሹራብ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ደብተሬን፣ ሻማና ክብሪት በፌስታል ከተተችልኝ፤ መብራት የሌለበት አገር ነው፣ ልጄ ጨለማ እንዳትፈራ ብላ። ክብሪቱን አትርሱት። ጉድ የሚሠራን እሱ ነው።

አክስቴ አስካለች የአባቴ ታላቅ እህት ነች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿ አዲስ አበባ ንግድ ላይ ናቸው፣ የሚመጡት ለመስቀል ነው። ረጅም፣ ደረቅ ያለች ሴት ነበረች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም፤ ሰው የሚፈራትም ለዚሁ ነበር።

አገሩን መጀመሪያ ያየሁት ቀን አውሮፕላን ማረፊያ መሰለኝ። እውነቴን ነው። በሁለቱም ወገን ክብ ክብ የሳር ቤቶች ተሰልፈው፣ ከየቤቱ ጀርባ እንሰቱ ቆሞ፣ መሃሉ ላይ ከወልቂጤ ኳስ ሜዳ የሚሰፋ ለምለም ሳር ዓይን እስኪደክም ተዘርግቷል። ድንጋይ የለበት፣ ቁጥቋጦ የለበት፣ አጥር የለበት። ሦስት ቀን ሙሉ ሰማይ ሰማይ እያየሁ አውሮፕላኑ የሚያርፍበትን ሰዓት ጠበቅሁ። ሲመረኝ አክስቴን ጠየቅኋት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ጀፎረ ነው» አለችኝ። «መንገድ ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ሙሽራ ይሄድበታል፣ ሬሳም ያልፍበታል።»

«የማን ነው?»

«ያለፈበት ሰው ሁሉ።»

መልሱ አላረካኝም። ወልቂጤ ሁሉም ነገር ባለቤት አለው፤ ባለቤት የሌለው ቦታ ደግሞ ቆሻሻ ይጣልበታል። ይህን የሚያህል ሳር ያለ ባለቤት እንዲህ ንጹሕ ሆኖ እንዴት እንደቆየ አልገባኝም ነበር።

የእኔ ሥራ እሳት ነበር። የአክስቴ ማገዶ ትንሽ ነው፤ ባልቴት ቤት ግንድ አይከመርም። ስትተኛ ፍሙን አመድ ታለብሰዋለች፤ አንዳንድ ቀን ያድራል፣ አንዳንድ ቀን ይሞታል። የሞተ ቀን፣ ጠዋት የተሰበረ እንስራ ገል አንስቼ፣ አመድ ነስንሼበት፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ቤት ፍም ልጠይቅ እሮጣለሁ። የእሷ የሞተ ቀን ደግሞ ልጇ ወደ እኛ ትመጣለች። እትዬ ዘይነባ አጭር፣ ፈጣን፣ እጇም አፏም ሥራ የማይፈታ ሴት ነበረች። ከአክስቴ ጋር እንሰት አብረው ይፍቃሉ፤ አንዷ ያለ ሌላዋ ገበያ አትወርድም። በደጃችን ስታልፍ «አሰላሙ አለይኩም፣ እሳታችሁ አደረ?» የምትለውን አንድ ቃል አድርጋ ነው የምታወጣው። አክስቴም «አድሯል፣ የናንተስ?» ትላለች። እኔ የአገሩ ሰላምታ እንዲህ ነው ብዬ ይዤው፣ ከአገና ገበያ የሚመለሰውን መንገደኛ ሁሉ «እሳታችሁ አደረ?» ስለው ሰነበትኩ። ሰዎቹ ይስቁና ይመርቁኛል።

አንድ ቀን በዝናብ ሮጬ ስመለስ ፍሙ ጠፋብኝ። ተናደድኩ። «ክብሪት አለኝ እኮ!» አልኳት አክስቴን።

«ለሻማሽ አድርጊው» አለች። «ምድጃ በክብሪት አይከፈትም። እሳት ከሰው ነው የሚመጣው።»

ነገሩ የተጀመረው በነሐሴ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን የጀፎረ ጎን ቆፍሮ ባሕር ዛፍ ተከለበት። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ እዚያው አሉ፣ እኔንም ምንም አላደረጉኝ። ዘንድሮ ችግኝ፣ ለከርሞ አጥር፣ ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ የጎረቤቱ ጎረቤት፤ መጨረሻው ለማንም የተሰወረ አልነበረም። ወንዶቹ አይተው አጉረመረሙ። ፊቱ ላይ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው ማነው? እሱ። መሬት የሚለካው ማነው? እሱ። ስብሰባ ላይ ተነስቶ «እገሌ ፀረ ልማት ነው» የሚለውስ? እሱው።

አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ ሰው ሁሉ ደጅ ከወጣ በኋላ፣ አክስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። ተከተልኳት። ጎንበስ ብላ ችግኙን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረች። አረም የምታርም መስሎኝ ላግዛት ገባሁ፤ አንዱን ጎትቼ ሥሩን ስበጥሰው እጄን መታችኝ።

«ሥሩን አትበጥሺ! እሱ ምን አጠፋ?»

እሷ ከነአፈሩ እያወጣች፣ እርጥብ የእንሰት ቅጠል ላይ እያስተኛች፣ እናቴ መንቶቹን እንደምትጠቀልላቸው ጠቀለለችው። ተሸክማ ሄዳም የሊቀመንበሩ በር ላይ አስቀመጠችው። ሰውዬው ወጣ።

«ምንድነው ይሄ፣ እትዬ አስካለች?»

«ችግኝህ ነው። ሳይደርቅ ግቢህ ውስጥ ትከለው።»

«ማን ነቀለው?»

«እኔ።»

«ከማን ጋር?»

አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። «ከወንድሜ ልጅ ጋር» አለች። መዋሸት አታውቅም። እኔም መፍራት ሲገባኝ ኮራሁ።

ሊቀመንበሩ ሞኝ አልነበረም። ፖሊስ አልጠራም፣ ክስ አልጻፈም፤ ሽማግሌዎቹን ጠራ። በአገሩ ልማድ የሰው ተክል መንቀል ትልቅ ነውር ነው፤ የሰው እንሰት የነቀለ የሰው ጉሮሮ እንደዘጋ ይቆጠራል። «ልማዳችሁን እናንተ ካላከበራችሁት ማን ያክብርላችሁ?» አላቸው። ይህን ሲል የማዳበሪያ መዝገቡን ብብቱ ሥር ይዞ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጀፎረው ላይ ካለችው ዋንዛ ሥር ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው ፈረዱ። አስካለች ችግኙን በእጇ መልሳ ትትከል፤ ይቅርታ ትጠይቅ። እምቢ ካለች፣ እሺ እስክትል ድረስ እሳት ያለው እሳት አይስጣት፣ ሥራ የሚያግዛት አይኑር፣ ደጇንም የሚረግጥ አይኑር። ይህን ለጣሰ እርግማን አወረዱ። በጉራጌኛ ስለነበር ግማሹ ብቻ ነው የገባኝ፤ የገባኝ ግማሽ ይበቃ ነበር። ዘሩ አይብቀል፣ ላሙ አትውለድ የሚል ነው።

ፍርዱን የተናገሩት ጋሽ ንዳ ናቸው፤ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ፣ ለአክስቴም የአጎቷ ልጅ። ሲናገሩ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ ይላሉ። ይንቀጥቀጣ! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እሷ ብቻዋን የቆመችው እነሱ ቁጭ ብለው ስላዩ አይደለም እንዴ?

«አልተክልም» አለች አክስቴ። ዞራ ወደ ቤቷ ገባች።

በነጋታው እሳታችን አላደረም። ፍርዱ እትዬ ዘይነባንም የሚነካ ስላልመሰለኝ እንደ ወትሮዬ ገሌን ይዤ ወደ እሷ ሮጥኩ። በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ከኋላዋ ምድጃው ሲንቦገቦግ ይታየኛል። እሷ ግን በሩን በሰውነቷ ሞልታው እንባዋ ይወርዳል። «ሂጂ ልጄ» አለችኝ። «ሂጂልኝ፣ አትዪኝ።»

ባዶ ገል ይዤ ጀፎረውን መሻገሩ ረዘመብኝ። የዚያን ቀን ራሴ የደረስኩበት ነገር ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩትም። ቅጣቱ የመጣው ሥሯን በበጠስኳት በዚያች አንዲት ችግኝ ነው አልኩ። አክስቴ የነቀለቻቸው ሁሉ በሕይወት ነበሩ። የሞተችው የእኔዋ ብቻ ነች። ስለዚህ እሳት ያስከለከልኩት እኔ ነኝ።

ሁለት ቀን እንዲህ ሆነን ዋልን። የነሐሴ ብርድ በዚያ ደጋ አገር ቀልድ አይደለም፤ ቤት ውስጥ አብራን የምታድረው ጥጃ እንኳ ከእኛ ጎን ተኝታ ትንቀጠቀጥ ነበር። የተረፈችንን ደረቅ ቆጮ በእርጎ በላን። በደጃችን የሚያልፍ ሰው ፊቱን ያዞራል። አክስቴ ግን በየጠዋቱ ደጇን ጠርጋ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ቃጫዋን ትፈትላለች፤ ያዞሩትን ፊት ሁሉ እያየች።

በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ እንሰት ሊፍቁ ተሰበሰቡ። እንሰት የሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይደርስም፤ ነውር ነው። አክስቴ መሄድ አትችልም። እኔን ግን አትምጪ ያለኝ ስለሌለ ሄጄ ቅጠሉ መሃል ቁጭ አልኩ።

«ልስጣት ብል ልጆች አሉኝ» አለች አንዷ። «እርግማን ነው፤ ቀልድ አይደለም።»

«ጀፎረው ሲያልቅስ?» አለች ሌላዋ። «ሬሳችንን በማን ግቢ ፈቃድ ጠይቀን ልናሳልፍ ነው?»

እትዬ ዘይነባ አንድ እግሯን ሳንቃው ላይ አድርጋ ትፍቃለች፤ ቀና አላለችም። «ሽማግሌዎቹ ያሉት ምንድነው? እሳት ያላት አትስጣት፤ አይደል?»

«ነው።»

«እሳት ይኑራችሁ ብለዋል?»

መፋቂያው ሁሉ ቆመ።

«ሸንጎው የነሱ ነው» አለች እትዬ ዘይነባ። «ምድጃውስ የማን ነው?»

መጀመሪያ አንዷ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም። ያን ሳቅ አልረሳውም። እኔ ምን እንዳሳቃቸው ባላውቅም አብሬ ሳቅሁ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በየቤቱ ቆጮ ሲጋገር ዋለ። ከዚያ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከጀፎረው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሴቶቹ ምድጃቸው ላይ ውሃ ደፉ። ስሙት፤ እንግዳ መጥቶባቸው አይደለም። እሳት የሌላት ሴት ብቻዋን እንዳትሆን ነው። እርግማኑን የጣሰ ማንም የለም፤ የሌለውን ማን ይሰጣል?

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ በሩን ከፍታ ቆመች። አጠገቧ ቆምኩ። ዝናቡ አባርቷል። አንድም ጣሪያ አይጨስም። የሳር ቤት ጠዋት ጠዋት መጨሱን እስከዚያ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አክስቴ ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ ግን ከፋኝ። ቅጣቱ ከእኛ ቤት አልፎ አገሩን ያዳረሰ መሰለኝ። በአንዲት ችግኝ!

ወንዶቹ ለምን ራሳቸው አያነዱም ነበር ትሉ ይሆናል። ወንድ ምድጃ ሥር በርከክ ብሎ እፍ ሲል ከሚታይ እርግማኑ ይሻለዋል። ጋሽ ንዳ ጥርስ ስለሌላቸው የደረቀውን ቆጮ ወተት ውስጥ ነክረው እስኪርስ ሲጠብቁ ይውላሉ ተባለ። መስቀል ደግሞ እየቀረበ ነው። ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ በግና በሬው ይታረዳል። ቅቤው በምን ይቀልጣል? እንግዳውስ የት ይሞቃል? ሊቀመንበሩ ቤትም ያው ነበር። ሚስቱ ከሁሉም ቀድማ ነው ውሃ የደፋችው። እሱ ሚስቱን ፀረ ልማት ማለት አቃተው።

ጥፋቴን የሠራሁት ምድጃው ሁሉ በጠፋ በአራተኛው ቀን ነው። አክስቴ ከነጋ ታስላለች። እንስራዋን አዝላ ምንጭ ስትወርድ፣ አሁን ነው አልኩ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የማስተካክለውም እኔ። ፌስታሌን ፈትቼ ክብሪቴን አወጣሁ። ቃጫ ጎዘጎዝኩ፣ ፍልጥ ደረደርኩ፣ ጫርኩ። በሦስተኛው እንጨት ተያያዘ። እጄን እያሞቅሁ፣ አክስቴ ስትገባ እንዴት እንደምትደሰት አሰብኩ።

ደስታዬን የቆረጠው የደጅ ጩኸት ነው። ከዚያ ሁሉ ጣሪያ የእኛ ብቻ ሲጨስ አገር አይቶታል። በግድግዳው ቀዳዳ አጮለቅሁ። ሴቶቹ ጀፎረው ላይ ወጥተዋል፤ የሚያዩት ግን እኛን ሳይሆን እርስ በርሳቸው ነው። «ማናት የሰጠቻት?» ትላለች አንዷ። «የኔን ልጆች በርሃብ አስተኝታ እሳት የደበቀች ማናት?» ሁሉም ወደ እትዬ ዘይነባ ዞሩ። «ወላሂ እኔ አይደለሁም!» ትላለች፤ የሚያምናት የለም። ሊቀመንበሩ እጁን አጣምሮ ቆሟል። «ይኸው፤ ሴት ምስጢር ትጠብቃለች?» አለ። የሊቀመንበሩ ሚስት እንኳ ወደ ቤቷ ለመሄድ ጀርባዋን አዙራለች። አንድ ደቂቃ ቢያልፍ ሁሉም ገብተው ያነዱ ነበር።

ወጣሁ። እግሬ እንዴት እንደታዘዘኝ አላውቅም። የክብሪቱን ቀፎ ወደ ላይ ይዤ «እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ክብሪት ነው! ማንም አልሰጠንም! ችግኟንም የገደልኳት እኔ ነኝ፤ አክስቴ አይደለችም፤ እኔን ቅጡኝ!»

አክስቴ እንስራዋን እንዳዘለች በሰዎቹ መሃል አልፋ መጣች። እኔንም፣ ጣሪያውንም አየች። ቀጥ ብላ ገባች። ሁላችንም ጢስስስ የሚለውን ሰማን። ከምንጭ ድረስ ያመጣችውን ውሃ በሙሉ ነበር የደፋችው። ባዶ እንስራዋን ይዛ ወጣችና፣ ተሰብስቦ ለቆመው ሁሉ አንዴ አሳየችው።

አልመታችኝም። ጎንበስ ብላ «ብርድ አስበሽልኝ ነው፤ አውቃለሁ» አለችኝ። «ግን እሳቱ ከማን መጣ? ከማንም አይደለም። እኔ ስሞቅ እነዚህ ሲበርዳቸው ልዋል?» ቀጥላም ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። «ችግኟን አንተ ጀፎረ ላይ ባትተክላት ይህች ልጅ አትነቅላትም ነበር።»

እትዬ ዘይነባ መጥታ አቀፈችኝ። ደጃችንን መርገጧ ነበር፤ ማንም ምንም አላላትም።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ እንደገና ዋንዛዋ ሥር ተቀመጡ። ሴቶች ሸንጎ አይቀርቡም፤ ራቅ ብለው ቆሙ፤ ግን ሁሉም ባዶ የእንስራ ገላቸውን ገልብጠው ይዘው ነበር። ሊቀመንበሩ ስለ ልማት ብዙ ተናገረ። ጋሽ ንዳ አዳምጠው ሲያበቁ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ልማትህ ቆጮ ይጋግር እንደሆነ ንገረንና እንሂድበት» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ለወጡ። «እኛ በድለናል። ጀፎረ ላይ የቆመ ተክል አይደለም፤ እንቅፋት ነው። እንቅፋት ያነሳ ሰው አይቀጣም። አስካለች፣ ይቅር በይን። ፈርተን ነው።»

አክስቴ ከሩቅ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። እኔ ብሆን ወዲያው ይቅር አልልም ነበር።

«በሉ፣ እሳት ስጧት!» አሉ ጋሽ ንዳ።

ሴቶቹ የተገለበጠውን ገል አሳዩአቸው። ከየት? በአገሩ ሙሉ አንድ ፍም የለም። አንዱ ወጣት ከኪሱ ክብሪት ሲያወጣ፣ ከእኛ ወገን የወጣው ማጉረምረም መልሶ አስከተተው። ስለዚህ ከታች ያለውን ወንዝ ተሻግረን ጎረቤት መንደር ልንለምን ወረድን፤ ሴቶቹ ሁሉ፣ ከፊት አክስቴ። እኔን ገል አስያዘችኝ። «ክብሪት የጫረ እጅ ፍም መሸከም ይልመድ» አለች።

የጎረቤት መንደር ሴቶች ሲያዩን በሳቅ ወደቁ። «አገር ሙሉ ምድጃው ቀዝቅዞበት ለልመና መጣ! ቀዝቃዛ ምድጃዎች መጡላችሁ!» ስማችን የወጣው ያኔ ነው፤ እዚያ ደጅ ላይ። አንዲቷ ወፍራም ሴትዮ በጉጠት አንዲት ፍም አንስታ ገሌ ላይ ጣለች። «ለቀዝቃዛ ምድጃ አንድ ይበቃል» ብላ በሯን ዘጋች።

ለዚያ ሁሉ ቤት አንዲት ፍም። እትዬ ዘይነባ የተዘጋውን በር እያየች «አላህ ይስጥልን። አንድ ይበቃናል» አለች።

ስንመለስ ካፊያ ጀመረ። ሴቶቹ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ከበቡኝ፤ ከላይም ከጎንም ጋረዱልኝ። በመሃላቸው ስሄድ ሰማይ አይታየኝም፤ የሚታየኝ ያቺ ፍምና እግራቸው ብቻ ነው። ወንዙን ስንሻገር በሁለት ወገን ደገፉኝ። ዳገቱ ላይ ገሉ እየጋለ መጣ። አመዱን ሳሳ አድርጌ ኖሯል የነሰነስኩት።

«ካቃጠለሽ ተናገሪ፤ ሌላ ትያዘው» አለች አክስቴ።

«አያቃጥልም» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ውሸት ዋሽቼ አላውቅም። ብሰጥ፣ ከእጅ ወደ እጅ ስትሻገር ብትወድቅስ? አንዲት ችግኝ ገድያለሁ፤ ሁለተኛ አልገድልም።

አክስቴ ፍሟን ምድጃዋ ላይ በደረቅ ቃጫ ተቀበለቻት፤ ጎንበስ ብላ እፍ አለች። ጨሰ፣ ጠፋ ስንል ጨሰ፣ ከዚያ ተያያዘ። ደጅ የቆሙት እልል አሉ። ፍልጡ ፍም ሲሆን ሴቶቹ በየተራ የእንስራ ገላቸውን ዘረጉ፤ ከሁሉ ቀድማ እትዬ ዘይነባ። እሳት የተከለከለችው ሴት ለአገሩ ሁሉ እሳት አካፈለች። በመጨረሻ ራቅ ብላ አንገቷን ደፍታ የቆመች አንዲት ሴት ቀረች፤ የሊቀመንበሩ ሚስት። አክስቴ ጠራቻት፤ ገሏንም እስከ ጫፉ ሞላችላት። «ቶሎ ሂጂ፤ ብርድ ነው» አለቻት።

እንግዲህ ስሙ ከዚህ ነው የመጣው። ሰነፍ በሉን፣ ስስታም በሉን፤ ረዳቱም በየቀኑ በመስኮት ይጩኸው። እኔ አልቀይረውም። ምድጃቸው ቀዝቅዞ የማያውቅ ብዙ አገሮች አይቻለሁ፤ ጎረቤታቸው ሲበርደው በር ዘግተው የሚሞቁ።

ከሚኒባሱ ወርጄ ጀፎረው ላይ ቆምኩ። ስፋቱ እንዳለ ነው። ባሕር ዛፎቹ ትልልቅ ሆነዋል፤ ሁሉም ከሊቀመንበሩ አጥር ውስጥ። አክስቴ ከሞተች ቆይቷል፤ ማንንም ፈቃድ ሳንጠይቅ በዚሁ ሳር ላይ ተሸክመን አሳልፈናታል።

እትዬ ዘይነባ ደጇ ላይ ቁጭ ብላለች። ዓይኗ ደክሟል። የእግር ኮቴ ስትሰማ ቀና አለች።

«ማነው?»

«እሳታችሁ አደረ?» አልኳት።

እጇን ዘርግታ እጄን ፈለገች፤ መዳፌን ገልብጣ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ገሉ የተወልኝን ጠባሳ እስክታገኘው ድረስ። ስታገኘው ጣቷ ቆመ።

«አድሯል» አለች።